ከተነሳ ተጠገነ ያለው ማነው?

እስኪ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። መኪናችሁን ጋራዥ አስገብታችሁ መካኒኩ "ሞተሩ ተነስቷል፤ ፍሬኑን ግን በሽቦ አስሬዋለሁ፤ ውሰዱት" ቢላችሁ ትከፍላላችሁ? አትከፍሉም። ሰፈር ነው የምትሰበስቡት። ታዲያ ይኸው ነገር በሞተር መጋዝ ላይ ሲሠራ ለምንድን ነው መርቃችሁ የምትከፍሉት?

ነገሩን ያነሳነው ከሳቢያን፣ ከገዛ ግቢያችን ነው። ወንድማችን ያገለገሉ የሞተር መጋዞችን እየገዛ በረንዳችን ላይ ያድሳል። እኛ የጋዜጠኝነት ዲግሪያችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ማስታወቂያ ስናነብ፣ እሱ ካርቡራተር ያጥባል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ማርሚታ ውስጥ የተጋገረውን ጥላሸት ይፍቃል። ማታ ማታ ባትሪ የምናበራለት እኛ ነን። ስለዚህ "ሴቶች ስለ መጋዝ ምን አገባችሁ?" የምትሉ ካላችሁ፣ አቦ ተዉን! ያገባናል።

በቅርቡ አንድ መጋዝ መጣለት። "የታደሰ ነው" ተብሎ የተሸጠ። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ገመዱን አንዴ ስትስቡት ይነሳል። ሲፈታ ግን የሰንሰለቱ ፍሬን በሽቦ ታስሯል። ሰንሰለት ሲበጠስ የምትይዘው ከሥር ያለችው መንጠቆ የለችም። ከየጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ደግሞ "ቶሎ እንዲበላ" ተብላ በሞረድ ተላጭታለች። ባለቤቱ ግራ እጁ ላይ ስፌት ነበረው። ምክንያቱን ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገንም።

ለማታውቁት እንንገራችሁ። ሙሉ ቤንዚን የተሰጠው ሰንሰለት በሴኮንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። የመጋዙ ምላስ ጫፍ፣ በተለይ የላይኛው ጥግ፣ በድንገት እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት ተፈናጥሮ ይመለሳል። የሰው እጅ አይቀድመውም። የሚቀድመው ከፊት እጀታው በላይ የቆመው ጋሻ ነው። ጋሻው ሲገፋ ፍሬኑ የፍሪሲዮኑን ከበሮ አንቆ ሰንሰለቱን ቀጥ ያደርገዋል። ጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታም ለጌጥ አልተሠራችም፤ ጥርሱ ከአቅሙ በላይ እንዳይጎርስ ትቆጣጠራለች። እሷን የላጨ ሰው መጋዙን ፈጣን አላደረገውም፤ ፈንጣሪ ነው ያደረገው።

የሚቆረጠውንም እንጨት አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ መጣ የሚባለው ፕሮሶፒስ ዛሬ አፋርን ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወሯል። እሾኻም ነው፣ እንጨቱ ድንጋይ ነው፣ ሰንሰለት ያዶለዱማል። የዶለዶመ ሰንሰለት የያዘ ሰው ደግሞ በጉልበቱ ይገፋል፤ ሲገፋ ይደክማል፤ ሲደክም ይሳሳታል። ፍሬን የሚያስፈልገው ለዚያች ስህተት ነው።

"መለዋወጫ የለማ!" ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ አንዳንዱ ዕቃ በቀላሉ አይገኝም። ግን ከሞተው መጋዝ ፈትቶ ለታመመው መግጠም ይቻላል፤ ወንድማችን የሚሠራው እንደዚያ ነው። ያም ከጠፋ "አልጨረስኩትም" ማለት ይቻላል። ሽቦ መለዋወጫ አይደለም። "ድሃ ነን፤ ርካሽ ነው የምንፈልገው" የምትሉም አላችሁ። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ሁለት ጣት ሲያጣ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? የዚያን ጊዜ ርካሹ የትኛው ነበር?

ደግሞ ይኼ ነገር በድሬ ሲደረግ የበለጠ ያሳፍራል። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የመጣች፣ ከምድር ባቡር ጋራዥ ጋር ያደገች ናት። ብረት የሚፈታ፣ ቶርኖ ላይ ዕቃ የሚያወጣ ሰው እዚህ የተከበረ ሰው ነበር። እስኪ ያን ጊዜ ፍሬን የሌለውን ባቡር "ተነስቷልኮ!" ብሎ ወደ ደወሌ ቁልቁል የሚለቅ መካኒክ ቢገኝ፣ ባለሙያ ይባል ነበር? ሙያ ንቀን አይደለም የምንጮኸው። ቤት ውስጥ መጠገንን ስለምናከብር ነው። ያገለገለ ዕቃ አድሶ መኖር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ግማሹን ሠርቶ ሙሉውን ማስከፈል ነው።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። መጋዙን መሬት ላይ አጥብቆ ይዞ ቤንዚን ሰጥቶ ጋሻውን በእጅ አንጓው ሲገፋው ሰንሰለቱ ወዲያው ይቆማል? ቤንዚን ሳይሰጥ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ሰንሰለቱ ዝም ይላል? ከኋላ እጀታው ላይ ያለውን መቆለፊያ በመዳፉ ሳይጫን የቤንዚኑ ምላጭ አልሳብ ይላል? ከሥር መንጠቆዋ አለች? አንዱ "አይ" ከሆነ ጥላችሁ ሂዱ። እናንተ ስትሄዱ ነው ሽቦ አሳሪው ፍሬን መሥራት የሚማረው።

ያ መጋዝ ዛሬም በረንዳችን ላይ ነው። የፍሬኑ ቀበቶ አልተገኘም፤ ወንድማችንም "ሳይገኝ አልሰጥም" ብሏል። ባለቤቱ ተቆጥቶ ሄዷል፤ "ይነሳ የለ እንዴ!" እያለ። አዎ፣ ይነሳል። ገና አልተጠገነም።