ቅጠሉ የአላህ ነው፤ ልኩስ የማን ነው?

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። በቤታችሁ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ ከሰው መራቅ የጀመረች እህት፣ እግሯ ያበጠ እናት ወይም ስኳሩ አልወርድ ያለው አባት ይኖር ይሆናል። አንድ ቀን ከጁምዓ ሰላት በኋላ አንድ ወዳጅ ጠጋ ብሎ፣ «እኔ የማውቀው ሰው አለ፤ በቅጠል ብቻ ነው የሚያክመው፤ ግቢው አስቀምጦ አድኖ ይመልሳል» ይላችኋል። በሳምንቱ ላሟ ተሸጣ፣ ሻንጣ ታስሮ፣ ታማሚው መኪና ላይ ተጭኗል። ስለ ሰውየው የተጠየቀ አንድም ጥያቄ የለም።

የቅጠልን መድኃኒትነት ለመካድ አልተነሳሁም። አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ዳማከሴ ጨምቀው፣ ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል አድርገው፣ ጥቁር አዝሙድ አሽትተው ያሳደጉን እናቶች ልጆች ነን። ጠቤ ከአመራረጣችን ጋር ነው። በግ ስንገዛ ጥርሱን ከፍተን እናያለን፣ ወገቡን እንዳብሳለን። ልጅ ስንድር የሰውየውን ዘር ማንዘር እናጣራለን። የታመመ ልጃችንን የምናስረክበውን ሰው ግን የምንመርጠው በሩ ላይ በተኮለኮለው ሕዝብ ብዛት ነው! ሕዝቡ ደግሞ ለምን እንደተኮለኮለ ብትጠይቁት፣ ሕዝብ ተኮልኩሎ አይቶ ነው።

የማውቀውን ልንገራችሁ። በሰፈራችን የሚኖር አንድ ልጅ ነበር፤ ያኔ 17 ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። ሐኪም ያዘዘለትን ፌኖባርቢታል ማታ ማታ እየዋጠ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጥለው ትምህርቱን ይማር ነበር። እናቱ «ዕድሜ ልኩን ኪኒን እየዋጠ እንዴት ይኖራል?» በሚል ጭንቀት ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የባሕል ሐኪም ግቢ ወሰደችው። ከበሩ ገና ሳይዘልቁ የተነገራቸው ሕግ «የሐኪም ቤት ኪኒን እዚህ አይገባም፤ መድኃኒት ከመድኃኒት ይጣላል» የሚል ነው። ኪኒኑን ከነላስቲኩ ወሰዱት። ጠዋትና ማታ መራራ ውኃ በጣሳ ይሰጠው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ጣለው፤ ሳይነቃ ደግሞ ጣለው፤ ሳይነቃ ሦስተኛ ጣለው። የግቢው ሰው «አይዟችሁ፣ በሽታው እየወጣ ነው» አለ። አጎቱ ደርሶ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ባያደርሰው ኖሮ ሬሳውን ነበር የምንቀበለው። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ። ነገር ግን ያ ፈጣን ልጅ ዛሬ ስሙን ሲጠሩት ዘግይቶ ነው ዞር የሚለው።

እየወጣ የነበረው በሽታ አልነበረም። አንጎል ለዓመታት የለመደውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንድ ቀን ሲነጠቅ ይናወጣል፤ መናወጡ ሳይቋረጥ ሲቀጥል አንጎልን ይጎዳል፣ ሕይወትም ያሳጣል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ማስቆም ሲፈልጉ እንኳ ቀስ በቀስ የሚቀንሱት። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም እንዲሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን በመሐል ያቋረጠ ሰው ደግሞ እሱ ብቻ አይጎዳም፤ መድኃኒት የለመደ በሽታ ይዞ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። እንግዲህ የመጀመሪያው መለኪያዬ ይኸው ነው፦ ታማሚውን ሳይመረምር፣ የሚወስደው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ «ኪኒኑን ጣሉ» የሚል ሰው ደጃፍ ላይ ጫማችሁን እንኳ አታውልቁ።

«የተፈጥሮ ነው፤ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የምትለዋን ቃል ስንቴ ሰምተናል? ከዚህች የበለጠ ብዙ ሰው የገደለች ውሸት መኖሯን እጠራጠራለሁ። አስተናግርን ተመልከቱ። በየቆሻሻው ክምር ዳር ነጭ አበባዋን ዘርግታ የምትበቅል ናት። ስሟ ራሱ ሥራዋን ይናገራል፤ ሰውን ያስለፈልፋል። በውስጧ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ አትሮፒን ነው፤ ይኸው አትሮፒን በሐኪም እጅ ተመጥኖ ዓይን ይታከምበታል፣ በመርዝ የተያዘ ሰው ይተርፍበታል። ሳይመጠን ሲጠጣ ግን አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያፈዛል፣ ልብ ያስጋልባል፣ ሰውን ከአእምሮው አውጥቶ ሊገድልም ይችላል። ቅጠሏ ያው ቅጠል ነው፤ ለውጡ ልኩ ላይ ነው። ኮሶም ቢሆን አባቶቻችን ልኩን ይዘው ነበር የሚጠጡት፤ ልኩን አልፎ የጠጣ ሰው ዓይኑን ሊያጣ እንደሚችል የአገራችን ሐኪሞች ከመዘገቡ ቆይተዋል። በትግራይ ሽሬ አካባቢ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው፣ ሆድ እያሳበጠ ሰው የፈጀው የጉበት በሽታም ሲመረመር ምክንያቱ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር ሆኖ ተገኘ። አረምም እኮ የተፈጥሮ ነው!

እዚህ ላይ የሚቀየሙኝ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግን ልበለው። በአንዳንድ ግቢ ታማሚው ለዱዓ ተብሎ ጫት ይዞ እንዲቀመጥ ይደረጋል። በሐረር ሆስፒታሎች የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ጉበቱ ተጎድቶ የመጣን ሰው ጫት አስይዞ ማከም ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

ሌላው የከፋ ነገር ቅጠል ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ቅጠል ብቻ አለመሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. ለመገጣጠሚያ ሕመም «የተፈጥሮ» ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ዴክሳሜታዞንና ዳይክሎፌናክ የተባሉ የፋብሪካ መድኃኒቶች በድብቅ ተቀላቅለው አግኝቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ጉልበቷን ይዛ የምትነሳ እናት ያን ዱቄት ወስዳ በሦስተኛው ቀን ደረጃ ብትወጣ ምን ይደንቃል? ዴክሳሜታዞን እኮ ነው ያስነሳት! ስኳሯን ሲያንረው፣ ወራት ወስዳ ድንገት ስትተወው ራሷን ስታ ስትወድቅ ግን ማንም ዱቄቱን አይጠረጥርም። ስለዚህ ተዓምር በፈጠነ ቁጥር ጥርጣሬያችሁም ይፍጠን።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በፔሩ የአማዞን ጫካ አያዋስካ የሚባል፣ ከሐረግና ከቅጠል የሚፈላ መጠጥ አለ። የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች ሽማግሌዎች ለብዙ ዘመን ሲገለገሉበት የኖሩ ሲሆን፣ የፔሩ መንግሥትም በ2008 እ.ኤ.አ. ከአገሩ ቅርሶች መድቦታል። ዛሬ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ብዙ ሰው በኢኪቶስ ከተማ ዙሪያ ወዳሉ ማረፊያዎች በገንዘቡ እየሄደ ይጠጣዋል፤ ማረፊያዎቹም እያንዳንዳቸው «ትክክለኛው የእኛ ነው» ይላሉ። መጠጡ አእምሮን የሚያዞር በመሆኑ ለሙስሊም ጉዳዩ ገና ከበሩ ያበቃል፤ በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ ስሙን ብታውቁት አይከፋም። እኔ ያነሳሁት ግን ለሌላ ትምህርት ነው። ከሐረጉ የሚወጣው ንጥረ ነገር ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር በአንድ ሰውነት ሲገናኝ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ይህን የሚያደርገው የሚቀዳው ሰው አስመሳይ ስለሆነ አይደለም። ከቅድመ አያቱ የወረሰ እውነተኛ ባለሙያ ቢቀዳውም ያው ነው።

እኛ የምንሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። «ትክክለኛ ነው ወይ?» እና «አይጎዳም ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። «አባቱም አያቱም መድኃኒት አዋቂ ነበሩ» ሲባል የመጀመሪያው ብቻ ተመለሰ። በር ላይ «ጢብ ነበዊ» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ የመጀመሪያውም አልተመለሰም! የነቢዩ ስም እኮ ለነጋዴ መጋረጃ እንዲሆን አልተሰጠም። ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ የተመሰገነ ነው፤ በዚያ ጠርሙስ ያለው ጥቁር አዝሙድ መሆኑን ግን ሐዲሱ አልመሰከረም። ዘይቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ስኳር ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በየቀኑ ሊጠጣው አይገባም። ሰናመኪም እንዲሁ በሐዲስ የተነገረ ነው፤ ለሆድ ድርቀት ይጠቅማል፤ ለወራት ያለ ልክ ሲወሰድ ግን የሰውነትን ጨው ያዛባል።

ለመሆኑ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐኪም ሲመረጥ ምን አደረጉ? ሰዕድ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ በሕክምና ወደሚታወቀው ወደ ሐሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ እንደመከሯቸው አቡ ዳውድ ዘግበዋል። አንድ ቁስለኛን ለማከም ሁለት ሰዎች በቀረቡ ጊዜም ከሁለቱ በሕክምና የሚበልጠው ማን እንደሆነ መጠየቃቸው በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ተመዝግቧል። ጠየቁ! እኛ መጠየቅ ኢማን ማነስ ይመስለናል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ ተነግሯል። ከኛ በፊት የነበሩ ሙስሊሞችም ይህን ይዘው በየገበያው የሚዞር ሙሕተሲብ ሾመው ነበር፤ የመድኃኒት ቀማሚዎችን ዕቃ ፈትሾ ያጭበረበረውን ይቀጣል። በ1248 እ.ኤ.አ. ደማስቆ ላይ ያረፈው ኢብኑል በይጧር ወደ 1,400 የሚጠጉ ዕፅዋትን፣ ምግቦችንና መድኃኒቶችን በስም፣ በመልክና በጠባይ ለይቶ መጽሐፍ ጽፏል። ይህ ሁሉ ሰው ደክሞ ያደራጀው ዕውቀት በእኛ ዘመን «አትጠይቁ» በሚል ቃል ይዘጋ?

«መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል» ይሉናል። እንዶድን አስቡት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ የቢልሃርዝያ በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ነውና ነገሩን ይዞ መረመረ፣ ለዓለምም ገለጠው። እንዶዱ አልረከሰም። የሚረክሰው ተደብቆ ከሞተ ሽማግሌ ጋር የሚቀበረው ነው።

እንግዲህ መሄዳችሁ ካልቀረ እንዲህ ሂዱ። ታማሚውን ቤት ትታችሁ አስቀድማችሁ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ከመንግሥት የተሰጠውን የሥራ ፈቃድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቅጠሉን ባይነግራችሁ እንኳ በምን እንደሚሰፍረው፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ስንት እንደሚቀንስ ይንገራችሁ፤ «ለሁሉም አንድ ሲኒ» ካለ ተመለሱ። ዋግምት የሚያደርግ ከሆነ ምላጩ ፊታችሁ ከወረቀቱ የሚወጣ አዲስ ምላጭ ይሁን፤ በአንድ ምላጭ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስም ኤች አይ ቪም ይተላለፋል። ታማሚ በሰንሰለት የሚታሰርበት ግቢ ከሆነ ስሙ ምንም ይሁን እስር ቤት ነው። ሴት ታማሚን ከመሕረሟ ለይቶ ዘግቶ «ማከም» የሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ ቁርኣን በቃሉ ቢወጣው እንኳ ሸሪዓ የከለከለውን ኸልዋ እየጣሰ ነውና እህታችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ አትፈሩም፣ አታፍሩም። ከሁሉም በላይ ግን እኔ የምወደው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይህ ከኔ በላይ ነው ብለው ወደ ሐኪም ቤት የላኩት ታማሚ አለ?» በሉት። እውነተኛው አዋቂ ሳያስብ ይነግራችኋል። እንዲህ ያሉ የከበሩ አዛውንቶች በወሎም በባሌም አሉን፤ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ሁሉንም አድናለሁ የሚለው ግን ይቆጣል።

ሐኪም ቤቶቻችንም ከወቀሳ አያመልጡም። ሌሊት ወረፋ ይዛ የገባች እናት ቀና ብሎ ሳያያት ወረቀት የሚጽፍላት ሐኪም፣ ልጇን ወደዚያ ግቢ ከላኩት ሰዎች አንዱ እሱ መሆኑን ይወቅ። የግቢው ሰው ቡና አስቀርቦ፣ የልጁን ስም ጠይቆ፣ አብሯት አዝኖ ነው ላሟን የተቀበላት። «ኪኒኑ ለምን ዕድሜ ልክ ሆነ?» ብላ ስትጠይቅ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ያስረዳት ሰው ቢኖር ኖሮ ባልሄደች።

ግቢው ዛሬም ክፍት ነው። ባለፈው ወር ያች እናት እቤታችን መጥታ፣ አንዲት ሴት አድራሻውን ፍለጋ እንደመጣችባት ነገረችን። «ምን አልሻት?» አልኳት።

«ምንም አላልኳት። ልጄን ጠርቼ ከጎኗ አስቀመጥኩት» አለችኝ።