ንድፉ ይሰቀላል፤ ቀዳጁ ይረሳል

በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተለጥፏል። ቀጭን ወገብ፣ ዳሌው ላይ የተነፋ ጃኬት፣ ሰፊ ጥቁር ጉርድ፤ የክርስቲያን ዲዮር የፋሽን ንድፍ ቅጂ ነው። የለጠፈው ወዳጃችን «ጥበብ ማለት ይህ ነው፤ እኛ አገር ያለው መስፋት ብቻ ነው» ይለናል። ሌላው ሁሉ ዝም አለ። እኔ ግን የሐረር ልጅ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ንድፉ ውብ ነው፤ ማን ይክዳል? ዲዮር የራሱን ቤት ከመክፈቱ በፊት ንድፍ እየሸጠ እንጀራውን የበላ ሰው ነው። በየካቲት 1939 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1947) ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ሥራዎቹን ሲያሳይ «አዲሱ መልክ» ተብሎ ስሙ ዓለምን አዳረሰ። ግን በዚያን ቀን በተመልካች ፊት የተራመደው ወረቀት ነው እንዴ? ንድፉ አስቀድሞ ወደ ስፌት ክፍል ወርዷል። በነጭ አቡጀዲ ተሞክሯል፣ ተፈትቷል፣ ጠቧል፣ እንደገና ተሰፍቷል። ይህን ሥራ ትመራ የነበረችው ማርገሪት ካሬ ትባላለች። ከመካከላችን ስሟን የሰማ ማን ነው? በእሷ ሥር መርፌ ይዘው ያመሹትንስ ማን ያውቃቸዋል? ፊርማው የአንድ ሰው፣ ድካሙ የብዙዎች!

እስቲ አሁን ወደ ሐረር እንምጣ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ ስትወርዱ መኪና ግርግር ላይ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በራቸው ላይ ተደርድረው ይረግጣሉ። ሴቶች ጨርቃቸውን እዚያው አካባቢ ይገዛሉ፤ ልክ ይወሰዳል፣ ይቀደዳል፣ ይሰፋል። ንድፍ የለም፣ ፊርማም የለም። አንድ ጊዜ ከመጽሔት የቀደድኩትን ሥዕል ይዤ ወደ አንድ አዛውንት ሰፊ ሄድኩ። አየት አደረጉትና «ልጄ፣ ወረቀት ትከሻ የለውም፤ ለባሿን አምጣት» አሉኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱኝ!

የእናቶቻችንን ጠይ ኢራዝ ተመልከቱ። ከውጭ ጥቁር ነው፤ ሲገለበጥ ሌላ ቀለም ይወጣዋል፤ አንዱ ቀሚስ ሁለት ነው። ከሥሩ የሚለበሰው ገናፊ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በጥልፍ ያጌጣል። ይህን ያለ ሂሳብና ያለ ሐሳብ መሥራት ይቻላል? ታዲያ «መስፋት ብቻ» ያለው ማን ነው?

ሆኖም ወገኖቼ፣ ራሳችንንም እንውቀስ። የዲዮር ቅድ ዛሬም የሚጠናው ተነድፎ፣ ተመዝግቦ ስለተቀመጠ ነው። የእኛው ቅድ ያለው በሰፊው እጅ ውስጥ ነው፤ እጁ ሲያርፍ አብሮ ያርፋል። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ግንቡስ ተመዘገበ፤ በግንቡ ውስጥ የሚቀደደውን ቅድ ማን ይመዝግበው? ልባሽ ጨርቅና የፋብሪካ ልብስ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ቆመን እንይ?

ስለዚህ ወዳጄ፣ ሥዕሉን ከግድግዳ አውርድ አልልህም። ይሰቀል። ግን በሚቀጥለው ዕረፍት እርሳስና ደብተር ይዘህ ከእኔ ጋር መኪና ግርግር ና። ከአንዱ ሰፊ አጠገብ በርጩማ ስበን እንቀመጥ። ቅዱን እንንደፍ፤ ከንድፉ ሥር ግን የእኛን ሳይሆን የቀዳጁን ስም እንጻፍ። ያን ጊዜ ከዲዮር ጎን እንሰቅለዋለን፤ ስለ ጥበብም ያን ጊዜ እንከራከራለን።