የኮሌጆች የካርቦን ልቀት ቅነሳ ከአምፖል ይልቅ ምድጃን ይመለከታል

በበርካታ አገሮች የኮሌጅ ሕንፃዎችን የካርቦን ልቀት የመቀነስ ጥረት የሚያተኩረው በማሞቂያና በኤሌክትሪክ ፍጆታ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከውኃ ስለሚመነጭ፣ አምፖል ማጥፋት ወጪን ቢቆጥብም ልቀትን እምብዛም አይቀንስም። ልቀቱ የሚበዛው ለተማሪዎች እንጀራ በሚጋገርበት የማገዶ ምድጃና መብራት ሲጠፋ በሚነሳው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው።

ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በሚገኙባት ቦንጋ አካባቢ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። የቡና መገኛነቷ የሚነገርላትን ማንኪራን ጨምሮ በካፋ ዞን የጫካ ቡና የሚበቅለው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከመዘገበው ከዚህ ደን ማገዶ ሲቆረጥ ቡናውም አብሮ ይጎዳል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻለው አማራጭ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ቀሪው ሥራ ኃይሉን ሳይቆራረጥ እስከ ወጥ ቤቱ የሚያደርስ መስመር መዘርጋት ነው።