በጨለማ የሚያበሩት ኮከቦች

አቃቂ ቃሊቲ ወዳጆቼ ቤት ለእራት ሄጄ ሳለ መብራት ጠፋ። ሻማ እስኪፈለግ ትንሹ ልጃቸው እጄን ይዞ ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰደኝ። ጣሪያው ላይ የተለጠፉት የፕላስቲክ ኮከቦች አረንጓዴ ያበራሉ። «ጋሼ፣ የእነሱ መብራት ለምን አልጠፋም?» አለኝ። እናቱ ግን ተጨንቃለች። «ጨረር አለው ሲሉ ሰምቼ ልነቅለው ነው» አለችኝ።

ጭንቀቷ ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ የሰዓት ቁጥሮች በጨለማ እንዲታዩ ራዲየም ያለበት ቀለም ይቀቡ ነበር። በአሜሪካ ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ራዲየሙን ዋጡት፤ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የብዙዎቹ መንጋጋ ተበላሽቶ ሞቱ። ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አሮጌ ሰዓት ማብራቱን ቢያቆምም ራዲየሙ አለ፤ ልጆች ሊፈቱት አይገባም።

የዛሬዎቹ ኮከቦች ሌላ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ብለው የሚቆዩት ስትሮንቲየም አሉሚኔት ከተባለ ቁስ የሚሠሩት ሲሆኑ፣ ጥቂት ዩሮፒየምና ዲስፕሮሲየም ይጨመርበታል። ይህን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 የጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ ነው። ጨረራማው ስትሮንቲየም 90 ከዚህ ጋር አይገናኝም። ፎስፈረስም የለበትም፤ ስሙ ነው የሚያሳስተው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በቁሱ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ጉልበት ይቀበላሉ። ከፊሎቹ ወዲያው ወደ ቦታቸው ከመመለስ ይልቅ በጥቃቅን ወጥመዶች ይያዛሉ። የክፍሉ ሙቀት እየነቀነቀ ጥቂት በጥቂት ያስለቅቃቸዋል፤ ሲመለሱም ጉልበቱን በብርሃን መልክ ይሰጣሉ። ከልጆችዎ ጋር ይሞክሩት፦ ብርሃን የጠገበ ኮከብ ፍሪዘር ውስጥ ይደበዝዛል፤ አውጥተው በጨለማ መዳፍዎ ላይ ሲያሞቁት እንደገና ይፈካል። ፀሐይ ከአምፖል ይልቅ ቶሎ ታጠግበዋለች፤ ቀይ መብራት ግን አይጠቅመውም።

ነገሩ የልጆች ጌጥ ብቻ አይደለም። በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1993ቱ ፍንዳታ በኋላ ደረጃዎቹ በሚያበራ ቀለም ተሰምረው ነበር፤ በ2001 ብዙዎች ሲወርዱ መንገድ አሳይቷቸዋል። ከተማዪቱም በ2004 ለረጃጅም የቢሮ ሕንጻዎች በሕግ ደነገገችው። ኤሌክትሪክም ባትሪም አይፈልግም። የማታ ፈረቃ ባለበት በአቃቂ ፋብሪካዎች ደረጃ ላይ ቢሰመር መልካም ነበር እላለሁ።

እናትየው ኮከቦቹን አልነቀለችም። የአማቷን አሮጌ ሰዓት ግን ያንኑ ምሽት ከልጁ መጫወቻ ሣጥን አውጥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።