የቀለም ሣጥኗን አታስጥሏት

የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ሁሉ እንደሚያየው በስተቀኝ በኩል ያለው የሥዕል ማዕዘን በዚህ ሳምንት ባዶ ነው። ተረስቶ አይደለም። ማዕዘኑን ስትሞላልን የነበረችው ዕጩ መምህርት ቀለበት ካሰረች ወዲህ እርሳሷን አስቀምጣለች። «ትዳር ይዘሽ፣ ልጅ ታቅፈሽ፣ ጠመኔ ጨብጠሽ ደግሞ ሥዕል?» ያሏት ብዙ ናቸው። ከነዚህ መካከል ከእኛው መኝታ ክፍል ያሉም ይገኙበታል። እውነቱን ለመናገር እኛም ሰምተን ዝም አልን። ዝምታችን ስለቆጨን ነው ይህን የምንጽፈው።

ነገሩ አንድ ያነበብነውን ታሪክ አስታወሰን። ስካገን በዴንማርክ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሁለት ባሕሮች በሚገናኙበት አሸዋማ ምድር ላይ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። በ1870ዎቹ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባቡርም ወደብም አልነበራትም፤ ሕዝቧ ባመዛኙ አሣ አጥማጅ ነበር። በ1874 ሚካኤል አንከር የሚባል፣ ገና ስም ያላወጣ የ25 ዓመት ሠዓሊ ወደዚያ ሄደ። የኮፐንሃገኑን የሥነ ጥበብ አካዳሚም ሳይጨርስ ነው የቀረው። በዚያች ዳር ከተማ ግን ሁለት ነገር አገኘ፤ የሚሥለውን ሕዝብና የሚያፈቅራትን ሴት።

ሴቲቱ አና ብሮንዱም ነች፤ ሠዓሊዎቹ ያርፉበት የነበረው ሆቴል ባለቤቶች ልጅ። አካዳሚው ያኔ ሴት አይቀበልም ነበር፤ ለሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1888 ነው። ስለዚህ ቪልሄልም ኪን የተባለ ሠዓሊ ዘንድ ሦስት ዓመት ተማረች። በ1880 ከሚካኤል ጋር ስትጋባ ይኸው መምህሯ፣ ከእንግዲህ ባለትዳር ነሽና የቀለም ሣጥንሽን ወደ ባሕር ጣይው ብሎ እንደመከራት ይነገራል። አስቡት እንግዲህ፣ ይህን ያለው መምህር ነው!

ባሕሩ ከደጇ ነበር፤ መጣል ብትፈልግ ሩቅ አልነበረም። እሷ ግን አልጣለችም። ባሏም አላስጣላትም። በ1883 ልጃቸው ሄልጋ ተወለደች። በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የዕለት ሥራቸውን ሲገመግሙ የሚያሳይ ሥዕል ሁለቱ በጋራ ሣሉ። እሱ ከማዕበል ጋር የሚታገሉትን አሣ አጥማጆች ሲሥል፣ እሷ የቤት ውስጥ ሴቶችን፣ አረጋውያንንና በመስኮት ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ሣለች። ከታወቁት ሥራዎቿ አንዱ፣ በ1891 የተሣለው፣ ሄልጋ በአያቷ ሰማያዊ ክፍል ተቀምጣ ኪሮሽ ስትሠራ ያሳያል። ልጅ ሥዕል ያስተዋል ሲባል ልጂቱ ራሷ ሥዕሉ ውስጥ ገባች! ዴንማርክም በ1998 ባወጣችው የ1000 ክሮነር ኖት ላይ የሁለቱንም ምስል አተመች።

ይህን ስንል ፍቅር ብቻውን ይበቃል ማለታችን አይደለም። በዚያችው ከተማ ይሠራ የነበረው ዝነኛው ሠዓሊ ክሮየር በ1889 ማሪ ትሪፕከን አገባ። እሷም ሠዓሊ ነበረች፤ ነገር ግን በባሏ ዝና ተሸፍና ሥራዋን እየቀነሰች ሄደች። ክሮየርን የአእምሮ ሕመም ያዘው፤ ትዳሩም በ1905 ፈረሰ። ስለዚህ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ሁለቱም ሲሠሩ ነው እንጂ አንዱ ሠርቶ ሌላው ሲያጨበጭብ አይደለም።

ታዲያ የዴንማርክ ሠዓሊ ለእኛ ምናችን ነው? የሚል አይጠፋም። ነገ ምደባችን መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል። የአበባውን ክፍሎች፣ የሰውን አጥንት፣ የአገራችንን ካርታ በካርቶንና በጆንያ ላይ ራሳችን ካልሣልነው ማን ያመጣልናል? በደብተሩ ጠርዝ ላይ ወፍ የሚሥል ልጅ ስናገኝስ ምን እንለዋለን? ዛሬ ለጓደኛችን የምንለውን ነው ነገ ለተማሪዎቻችን የምንለው።

ኑሮ ከባድ ነው፣ ጊዜም ያጥራል፤ ይህን አንክድም። ግን ባል ውኃ ቢቀዳ፣ ልጅ ቢያዝል ምን ይጎድልበታል? እጮኛዋን አናማውም፤ ምናልባት ማንም አልጠየቀውም ይሆናል። ሥዕሏን ወድዶ ከሆነ የቀረባት፣ ዛሬም ሥዕሏን ይውደድ።

መምህሮቻችንንም እንለምናለን፤ እናንተ አንድ ቃል ብትነግሯት የእኛን መቶ ቃል ይበልጣል። ለአንቺም እህታችን፣ ማዕዘኑን ለሌላ አልሰጠነውም። በሚቀጥለው እትም እንጠብቅሻለን።