ልጁን ፍቱት

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ራሴን በመክሰስ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ እዚሁ ላሊበላ፣ አንድ ቤተሰብ ቤት ተሰብስበን ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ ብርዱም የላስታ ብርድ ነው። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጣች አንዲት እህት ስልኳን አወጣችና «ዛሬ እኮ ሃሎዊን ነው፤ ልጆቹን እናጫውታቸው» አለች። ቤት ውስጥ የሚደረጉ የማስፈራሪያ ጨዋታዎችን ዝርዝር ስልኳ ላይ ይዛ ነበር። መጀመሪያ የልጆቹን ዓይን አሰረች። እጃቸውን ሳህን ውስጥ እያስገባች የተላጠውን ቲማቲም «የሞተ ሰው ዓይን ነው»፣ የቀዘቀዘውን ፓስታ «አንጀቱ ነው» እያለች አስነካቻቸው። ጮኹ፣ ሳቁም። ቀጥላ የሰባት ዓመቱን ልጅ አቆመችና ከእግሩ ጀምራ በሶፍት ጠቀለለችው። ሬሳ ሆኖ ሌሎቹን እንዲያሳድድ ነው። ወረቀቱ ደረቱ ላይ እስኪደርስ ልጁ ይስቅ ነበር። ዓይኑን ሲሸፍነው ሳቁ ቆመ። ከዚያ ጮኸ፤ ጩኸቱም አላባራ አለ። አያቱ ከማድ ቤት እየሮጡ መጡና «ምነው ልጄን በቁሙ ትገንዙታላችሁ? ፍቱት!» አሉ።

ማንም ክፉ አላሰበም። እኔም ከሚስቁት አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን እኛ «ጨዋታ» ያልነውን አያቱ በትክክለኛ ስሙ ጠሩት። መግነዝ ነው።

በዚህ ዓመትም ጥቅምት 21 ይመጣል። በአዲስ አበባ አንዳንድ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች ቀኑን ማክበር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ በስልክ በኩል ደግሞ እኛም ጋ ደርሷል። ስለዚህ የልጆች አገልግሎት ላይ ላላችሁ፣ ታናናሽ እህትና ወንድም ላላችሁ፣ ነገ ወላጅ ለምትሆኑ ወጣቶች የምለው አለኝ። ይህን ጨዋታ ወደ ቤታችሁ አታስገቡት።

ምክንያቴን ከመስማታችሁ በፊት የማልለውን ስሙ። ሳህን ውስጥ ያለ ቲማቲም አጋንንት ይጠራል አልልም። የበዓሉ ስም «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ከሚል የመጣ ነው። የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ይዘውት አሜሪካ ገቡ፤ እዚያም ዱባ ተቦርቡሮ ውስጡ ሻማ የሚበራበት በዓል ሆነ። የእነርሱ ልጆች በየደጁ ከረሜላ እየለመኑ ማደጋቸውን አልከስስም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው። እኔ የምጠይቀው፣ ይህ ነገር በላስታ ምድር ሲተከል ምን ያበቅላል? ብዬ ነው።

አንደኛ፣ የእኛ አገር ሙት ፕላስቲክ አይደለም። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ከዋሻው ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ የብዙ ሰዎች አጽም ተኝቷል። ከሩቅ አገር መጥተው እዚያ ያረፉ ምእመናን ናቸው ይባላል። እዚህ ከተማችንም በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ በተፈለፈለው ግድግዳ ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ የሰው እግር ይታያል። የአካባቢው ልጅ በዚያ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አምልኮአችን ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ቢለይም፣ ይህን አክብሮት ከእነርሱ ጋር አብረን ጠጥተነው አድገናል። ሙታን ይነሣሉ ብለን የምናምን እኛ፣ አጽምን የሳሎን ማስጌጫ ስናደርገው ልጁ ስለ ትንሣኤ ምን ይማራል? ሬሳ የሚነሣው ሊያሳድደው መሆኑን ነው!

ሁለተኛ፣ የእኛ ልጆች ፍርሃት ልብ ወለድ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ፣ ልክ በዚሁ በጥቅምት ወር ማብቂያ ላይ፣ የተኩስ ድምፅ እንደገና ተሰማ። ያ በሶፍት የተጠቀለለው ልጅ ጦርነቱ ሲገባ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። መብራት በሌለበት ቤት፣ እናቱ አፉን በእጇ ሸፍና፣ አልጋ ሥር ያደረ ልጅ ነው። ያን ማታ እኛ ያስታወስነው ሃሎዊንን ነበር፤ እርሱ ግን ምን እንዳስታወሰ ማን ጠየቀው? ፍርሃትን እንደ ቅመም የሚጨምርበት፣ ኑሮው የተደላደለ ሰው ነው። ቤቱ በፍርሃት ለጠገበ ልጅ ተጨማሪ አያስፈልገውም።

«ልጆች እኮ በጨዋታ ፍርሃትን ማሸነፍ ይለማመዳሉ» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ልጅ ጨለማን ሊለማመድ ይገባዋል። ግን ለዚህ የሚሆን ጨዋታ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ነው እንዴ የጠበቅነው? ድብብቆሽ ስንጫወት ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፤ የተደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። ደግሞ «ኩኩሉ!» ይላል፤ «አልነጋም!» ይሉታል። በመጨረሻ «ነጋ!» ሲሉት ፍለጋው ይጀመራል። አስተውሉ፤ ልጁ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ተደብቋል፣ ልቡም ይመታል። ጨዋታው የሚሄደው ግን ወደ ንጋት ነው። የሚመጣበትም ሙት አይደለም፤ የሚፈልገው ወንድሙ ነው። ተፈልጎ መገኘት! የጠፋውን በግ ሊፈልግ የወጣው እረኛ ታሪክ ከዚህ ይርቃል?

ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆርዮስ አቅጣጫ የሚወስደውን የምድር ውስጥ መንገድ አስቡ። ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። ሰው በእጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ያልፋል። አባት ልጁን ይዞ ሲገባ ግን ጨለማው ውስጥ ትቶት አይስቅበትም። እጁን ይዞ ወደ ብርሃን ያወጣዋል። ልጅን ከጨለማ ጋር የምናስተዋውቀው እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ፤ ምክንያቱም ትልቁ ጥፋት ያለው እኛው ጋ ነው። ለቡሄ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ «የእኛ አይደለም» አልናቸው። ነሐሴ 16 የላስታ ልጃገረዶች ለአሸንድዬ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሲወጡ ልጆቻችንን በር ዘግተን አስቀመጥናቸው። መስከረም 16 ችቦ ሲለኮስ በመስኮት አዩት። ለመከልከል ምክንያት ነበረን እንበል። በምትኩ ግን ምን ሰጠናቸው? ምንም። ጌታችን ተጠርጎ ባዶ ስለ ቀረ ቤት የተናገረውን እናስተምራለን፤ ባዶውን የጠረግነው እኛ መሆናችንን ግን እንረሳለን። ሆያ ሆዬን ያስወጣንበት በር ሃሎዊንን አስገባው።

ይባስ ብሎም የማስፈራራቱን ሥራ እኛው ጀመርነው። «ዝም በል፣ ጅብ ይበላሃል» ትላለች እናት። «ካላርፍህ ሰይጣን ይወስድሃል» ይላል የሰንበት ትምህርት አስተማሪ። በፍርሃት ጸጥ ያሰኘነውን ልጅ «ታዛዥ ነው» እንለዋለን። ሐዋርያው ዮሐንስ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ እንደሚጥል ጽፎልናል፤ እኛ ግን ፍርሃትን ሞግዚት አድርገን ቀጠርነው። ጭራቁን ከአፋችን ሳናወጣ የሃሎዊንን ጭምብል ብንቀድ ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ በመጪው ጥቅምት 21 ማታ ምን እናድርግ? ዱባውን አትቦርቡሩት፤ ቀቅሉት፣ ወጥ ሥሩት። የ1977ቱን ረሃብ ያየ አገር ምግብን ደጅ ላይ አያበሰብስም። አንድ ሳህን ለጎረቤት፣ ኦርቶዶክስም ይሁን ሙስሊም፣ ልጁ ራሱ ይዞ ይሂድ። ከዚያ ኩኩሉ አጫውቷቸው። ዕንቆቅልሽ ጠይቋቸው፤ መልሱ ሲጠፋ አገር ስጡኝ በሉ። ተረት ያላቸውን ሽማግሌ ጥሩ። ቀኑ ማርቲን ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. ዘጠና አምስቱን ነጥቦች ይፋ ያደረገበት ነውና፣ አንድ መነኩሴ ሰዎች ከሞት በኋላ ባለ ቅጣት ፍርሃት ገንዘባቸውን እንዲሰጡ መደረጉን እንደ ተቃወመ ንገሯቸው። ለዚህ ቀን ከዚህ የሚስማማ ታሪክ አላውቅም።

ያን ማታ ልጁን የፈታነው ሦስት ሆነን ነው። እጃችን እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ስንቀድ አልዓዛር ትዝ አለኝ። ጌታ ከመቃብር ጠራው፤ መግነዙን እንዲፈቱለት ያዘዘው ግን በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች ነበር። ጌታ ለሰዎች የተወው ሥራ መፍታት ነው። እኛ ደግሞ ለሳቅ ብለን ጠቀለልን።

አያቱ አንድ ቃል ነው ያሉን። እኔም ለእናንተ ከዚያ የተሻለ ቃል የለኝም። ፍቱት።