ውሻህን አስከትበሃልን?

አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ከመሥሪያ ቤትህ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠህ ይህን ስታነብ «እኔ ውሻ የለኝም» ትል ይሆናል። አባትህ ግን አላቸው። እኔ በማስተምርበት በማጀቴና በመላው የይፋት ቆላ ማሽላ የሚዘራና ከብት የሚያረባ ገበሬ ያለ ውሻ አያድርም። ጅቡን ከበረት፥ ዝንጀሮውን ከማሳ የሚያባርርለት እርሱ ነውና።

በክፍል ውስጥ ስለ ተላላፊ በሽታዎች ሳስተምር፥ በቤቱ ውሻ ያለው እጁን እንዲያወጣ ጠየቅሁ። አብዛኞቹ አወጡ። «ያስከተበስ?» ባልሁ ጊዜ ግን ከፍ ብለው የቀሩት ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ። ምክንያቱን ስጠይቅ ክፍሉ በሙሉ መናገር ጀመረ።

አንዱ «መምህር፥ የተከተበ ውሻ ይፈዛል፤ ጅብ ሲመጣም አይጮኽም» አለ። እውነት ነው፥ አንዳንዱ ውሻ አንድ ሁለት ቀን ይደክመዋል፤ ምግብም ያስጠላዋል፤ የተወጋበትም ቦታ ጥቂት ሊያብጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጅቡ እንደ ቀድሞው ያገኘዋል።

ሌላዋ ደግሞ የጎረቤታቸው ውሻ በተከተበ በሳምንቱ አበደ አለች። ይህ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ስለ ሆነ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። በክትባቱ ውስጥ ያለው ተውሳክ የተገደለ ነው፤ ስለዚህ ሊያሳብድ አይችልም። ነገር ግን በሽታው ከተነከሰው አካል ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እስኪደርስ ብዙ ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ወር ይፈጅበታል። አስቀድሞ በሌላ ውሻ የተለከፈ ውሻ ዘግይቶ ቢወጋ፥ የሚያሳብደው ያ የቆየው ንክሻ ነው፤ ወቀሳው ግን በመርፌው ላይ ያርፋል።

አዛውንቶቹ ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው። በአዲስ አበባ «ፓስተር» እየተባለ በሚጠራው ተቋም ለብዙ ዓመታት ሲዘጋጅ የኖረው የሰው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር። የተነከሰው ሰው ከ14 ያላነሰ ቀን በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ያን ያየ ሰው መርፌ ሲባል ቢሸሽ አይፈረድበትም። ውሻው የሚወጋው ግን አንድ ጊዜ ነው፤ የሚደገመውም በዓመቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ በኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ የተናገረው ነው። «አባቴ ውሾች ይውጡ ሲባል ውሻችንን ይደብቃል፤ መርዝ ነው ይላል» አለ። አባቱ ተሳስተዋል ልል አልቻልሁም። በከተሞቻችን ውሻን በመርዝ መፍጀት የቆየ ልማድ ነው። ትናንት ሥጋ ውስጥ መርዝ ሸሽጎ የሰጠ እጅ ዛሬ መርፌ ይዞ ቢመጣ ማን ያምነዋል? የዓለም የጤና ድርጅትም ውሻን መፍጀት በሽታውን እንደማያጠፋው አረጋግጦአል። የተከተበው ካልተከተበው ጋር ይሞታል፤ በባዶው ሰፈር ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይገባል። ከ100 ውሾች 70ው ቢከተቡ ግን የበሽታው መተላለፊያ ይቆረጣል። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ የተሾመ አንባቢ ካለ፥ መርዙን ሳይተው ስለ ክትባት ባያውጅ ይሻላል።

ታስሮ የማያውቅ ውሻን መያዝም ቀላል ሥራ አይደለም። የሚያበላው ልጅ ወይም ሴት ትያዘው። ለስለስ ያለ ገመድ በአፉ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ ከጆሮው ኋላ ትሰረው።

ይህ ሁሉ ድካም ለውሻው ብቻ አይደለም። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ለሰው የሚያስተላልፈው ከ100 በ99ኙ ውሻ ነው፤ ከሚሞቱትም ከ10ሩ 4ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በእኛ አገር ይህ ልጅ እረኛው ነው። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ቁጣ ፈርቶ ለማንም አይናገርም። ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ ሐኪምም መድኃኒት አዋቂም አያድኑትም። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የ9 ዓመቱን ዮሴፍ ሜይስተርን ያዳነው ምልክቱ ሳይታይ ስለ ደረሰለት ነው። ስለዚህ ወንድሞችህ ቢነከሱ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት፤ በዚያውም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሥር ቀጥቅጦ መጠጣት ጊዜ ከማባከን በቀር ምንም አያደርግም።

በነገራችን ላይ ከይፋት ቆላ በላይ በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም በዚሁ በሽታ ይሰጋል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች በተጋባ በሽታ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል።

ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤትህ ስትሄድ፥ ወይም ዛሬ ማታ ስትደውል፥ አባትህን ስለ ውሻው ጠይቃቸው። ቡችላ ቢኖርም 3 ወር ሲሞላው ይወጋ። የእንስሳት ሐኪሙ የሚሰጠውንም ወረቀት በሣጥን ያስቀምጡት፤ ሰው የተነከሰ እንደሆነ በጤና ጣቢያ ስለ ውሻው ክትባት መጠየቁ አይቀርምና።